ድንጋይ በሸምበቆ መብሳት

ድንጋዩን የሚበሳው ሸምበቆው አይደለም፣ አሸዋው ነው። ይህ ከገባችሁ ግማሹን ሥራ ጨርሳችኋል፤ ሌላው ግማሽ መዳፍ ይልጣል።

ሐሳቡን ያገኘሁት ከአልፍሬድ ራስል ዋላስ ነው፤ ያው ከዳርዊን እኩል ዝግመተ ለውጥ በተፈጥሮ ምርጫ ይካሄዳል የሚለውን ሐሳብ ያቀረበው ብሪታንያዊ። በ1850ዎቹ መጀመሪያ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ በሰሜን ምዕራብ አማዞን በዋውፔስ ወንዝ ዳር ሲዘዋወር የአካባቢው ወንዶች አንገታቸው ላይ ነጭ የኳርትዝ ድንጋይ አንጠልጥለው አየ። ከ10 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም፣ 2.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚወፍር። ብረት የለም፤ የዱር ሙዝ ለጋ ቅጠል እያሽከረከሩ በደቃቅ አሸዋና በትንሽ ውሃ ነበር የሚበሱት። የሌላው ሰው ድንጋይ በአግድም ይበሳል። የአለቃው ግን በቁመቱ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ለዚህ አንዳንዴ የሁለት ሰው ዕድሜ ይፈጃል ብለው ነግረውታል። ትንሽ ሳይጋነን አልቀረም፤ ግን ከሞከርኩት ወዲህ አልስቅበትም።

እኔ ኳርትዝን አልደፈርኩም። በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ 7 ነው፣ አሸዋውም አብዛኛው ያው ኳርትዝ ስለሆነ ትግሉ እኩል ለእኩል ነው። እብነ በረድ 3 ገደማ ነውና ዶቃ ላደርገው ስባሪውን ይዤ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ በሹል ድንጋይ ትንሽ ጎድጓዳ ነገር ቆረቆርኩ፣ አለዚያ ሸምበቆው ይንሸራተታል። ከዚያ እርጥብ አሸዋ፣ ከዚያ በሁለት መዳፍ መካከል ማሽከርከር ነው።

ውስጡ ክፍት የሆነ ሸምበቆ መምረጤ በጀኝ። ቀለበት ብቻ ስለሚፍቅ መሃል ያለውን ድንጋይ መፍጨት ቀረልኝ፣ ሲያልቅ እንደ ቡሽ ይወጣል። ጫፉ ግን ቶሎ ይበላል፤ ብዙ ቆርጣችሁ አዘጋጁ። በኃይል መጫን ምንም አያፋጥንም፣ ሸምበቆውን ይሰነጥቀዋል እንጂ። ጆሯችሁን ስጡት፦ ኩርሽ ኩርሽ የሚለው ድምፅ ሲለሰልስ አሸዋው ጭቃ ሆኗል ማለት ነው፣ አጥባችሁ አዲስ ጨምሩ። ውሃውን በፍጹም አትተዉ፣ ደረቅ የድንጋይ ብናኝ ሳንባ ይጎዳል።

ግማሽ ሲደርስ ገልብጡና ከሌላው ወገን ጀምሩ። በአንድ ወገን ብቻ ከገፋችሁ መውጫው ላይ ድንጋዩ ይፈነከታል። ቅርጽ ማውጣቱም ከቀዳዳው በኋላ ይሁን፤ ስትበሱ ቢሰነጠቅ ያለሰለሳችሁት ዶቃ አብሮ አይጠፋም።

ክር ከማስገባታችሁ በፊት የቀዳዳውን አፍ በእንጨትና በአሸዋ ክብ አድርጋችሁ ሞርዱት። ስል ሆኖ ከቀረ ክሩን ይበጥሰዋል።