ፀሐይ የሞቀ እንጉዳይ፦ የሦስት ወር ማስታወሻ

እንጉዳይን በሳምንት ሦስት ቀን መብላት ከጀመርኩ ሦስት ወር ሞላኝ። በማስታወሻ ደብተሬ የያዝኩትን ላካፍላችሁ። የተሳካልኝም ያልተሳካልኝም አለበት።

የጀመርኩት ሥጋ ለመቀነስ ብዬ ነው። "እንጉዳይ ሥጋን ይተካል" ሲባል ሰምቼ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ሥጋ ጭራሽ ሳልነካ አሳለፍኩ። ማታ ማታ ቶሎ ይርበኝ ነበር። ቁጥሩን ሳይ ምክንያቱ ገባኝ። 100 ግራም ጥሬ ነጭ እንጉዳይ ውስጥ ያለው ፕሮቲን 3 ግራም ገደማ ነው። ያንኑ ያህል የበሰለ ቀይ ሥጋ 25 ግራም አካባቢ ይሰጣል። ከእንጉዳዩ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው፤ ካሎሪውም 22 ቢሆን ነው።

ስለዚህ አካሄዴን ቀየርኩ። የተፈጨውን ሥጋ በግማሽ ቀንሼ፣ የጎደለውን በደቃቁ በተከተፈ እንጉዳይ እሞላለሁ። ጣዕሙ አልጎደለም። እንጉዳይ በተፈጥሮው ግሉታሜት ስላለው ያ ሥጋ ሥጋ የሚል ጣዕም ከራሱ ይመጣል። ጨውም ሳላስበው ቀንሻለሁ። ከዚያ በተረፈ ከቫይታሚን ቢዎቹ ሪቦፍላቪንና ናያሲንን፣ ከማዕድናቱ ደግሞ መዳብ፣ ሴሊኒየምና ፖታሺየምን አገኝበታለሁ። ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ጨርሳችሁ ለተዋችሁ ግን አንድ ነገር ልበል፦ ቢ12ን ከእንጉዳይ አትጠብቁ።

አሁን ወደ ፀሐዩ ጉዳይ ልምጣ። ከሁሉም በላይ የተማርኩት እዚህ ላይ ነው።

እንጉዳይ ከአትክልት ጋር ቢሸጥም ዕፅ አይደለም። በውስጡ ኤርጎስቴሮል የሚባል ነገር አለ። ከፀሐይ የሚመጣው አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያርፍበት ወደ ቫይታሚን ዲ2 ይለወጣል። የእኛም ቆዳ ፀሐይ ሲያገኝ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። በጨለማ ያደገ እንጉዳይ ግን ቫይታሚን ዲው ከምንም አይቆጠርም። ደስ የሚለው ነገር፣ ከተለቀመ በኋላም ፀሐይ ቢሞቅ ይሠራል።

ይህን እንዳነበብኩ እንጉዳዩን በሳህን አድርጌ መስኮቱ ሥር አስቀመጥኩት። መስኮቱ ዝግ ነው፤ ፀሐዩ ግን ቦግ ብሎ ይገባል። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲህ አደረግሁ። የመስታወቱን ነገር ያወቅሁት ኋላ ላይ ነው። ተራ የመስኮት መስታወት ብርሃኑን ያሳልፋል፤ ቫይታሚን ዲ የሚሠራውን ዩቪቢ የተባለ ጨረር ግን ያስቀረዋል። ያ ሁሉ ልፋት ለቫይታሚኑ አልጠቀመም። እናንተ እንዳትደግሙት ብዬ ነው የምነግራችሁ።

አሁን ወደ ውጭ አወጣዋለሁ። ቀትር ላይ ቆርጬ በሳህን ላይ ሳይደራረብ እዘረጋዋለሁ። ሳልቆርጠው ከሆነም ቆቡን እገለብጠዋለሁ፤ ከቆቡ ሥር እንደ መጽሐፍ ቅጠል የተደረደሩት ስስ ክፍሎች ወደ ፀሐይ ይዞራሉ። በቀትር ፀሐይ ከ15 ደቂቃ እስከ ሁለት ሰዓት የቆየ እንጉዳይ በ100 ግራም ከ10 ማይክሮግራም በላይ ዲ2 ሊይዝ ይችላል። ለአዋቂ በቀን 15 ማይክሮግራም ያህል እንደሚመከር ካሰብን ቀላል አይደለም። ደመና ሲበዛ ወይም ፀሐዩ ሲያዘቀዝቅ መጠኑ ይወርዳል። እኔ አንድ ሰዓት አቆየዋለሁ። ሳነሳው ጠርዙ ጠውለግ ብሎ፣ ላዩ ደረቅ ብሎ አገኘዋለሁ። ሲበስልም አብዛኛው ቫይታሚን ዲ አይጠፋም።

ወደ መጥበሻው ስንሄድ ደግሞ፣ መጀመሪያ ላይ ዘይቱን ቀድሜ ሳፈስ እንደ ስፖንጅ ይመጠው ነበር። አሁን መጥበሻውን በደረቁ አግላለሁ። ዘይት የለም፣ ጨው የለም። እንጉዳዩን ሳላጨናንቅ እበትነዋለሁ። ጥቂት ቆይቶ ውሃውን ይለቅና ይንተከተካል። ትዕግሥት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ውሃው ተንኖ ሲያልቅ ድምፁ ይለወጣል፤ መንተክተኩ ቀርቶ ቸስ ቸስ ማለት ይጀምራል። ያኔ ዘይት ጠብ አደርግና ጨው እጨምራለሁ። ጠርዙ ቡናማ ሲሆን ይወጣል። ቢቆይ ይፈርስ ይሆን ብላችሁ አትስጉ። የሕዋሱ ግድግዳ ካይቲን አለው፤ የሸርጣን ቅርፊት የሚሠራበት ነገር ማለት ነው። እሳት በቀላሉ አይበግረውም። ከቀቀላችሁት ግን ውሃውን አትድፉት፤ ከቫይታሚን ቢውና ከፖታሺየሙ የተወሰነው እዚያ ውስጥ ይቀራል።

ጥሬውን አልበላም። ሺታኬ የሚባለው የእንጉዳይ ዓይነት በደንብ ሳይበስል ሲበላ አንዳንድ ሰው ላይ በአለንጋ የተገረፈ የሚመስል ሽፍታ ያወጣል።

ሌላው ያስደነቀኝ ኤርጎታየኒን የሚባለው አንቲኦክሲዳንት፣ ማለትም ሕዋስን ከጉዳት የሚከላከል ንጥረ ነገር ነው። እንደ እንጉዳይ በብዛት የሚይዘው ምግብ የለም ማለት ይቻላል። ሰውነታችን ራሱ አይሠራውም፤ ሆኖም ወደ ሕዋስ የሚያስገባ ማጓጓዣ ፕሮቲን አዘጋጅቶለታል። ከዚህ ተነስቶ "እንጉዳይ ካንሰር ይፈውሳል" እያሉ ሰውን ከሕክምናው የሚያዘናጉ ሰዎች ግን በጣም ያሳዝኑኛል። እንጉዳይ ጥሩ ምግብ ነው፤ የታዘዘ መድኃኒት አያስተውም።

በአምስተኛው ሳምንት አንድ ማታ ሳህን ሙሉ በልቼ ሆዴ ሲነፋ አደረ። ነጩ እንጉዳይ ማኒቶል የሚባል ስኳር መሰል ነገር አለው፤ የማይስማማቸው አንጀቶች አሉ። ኦይስተር እንጉዳይ ላይ ማኒቶሉ ዝቅተኛ ነው። ወደሱ ስዞር ተሻለኝ። የኩላሊት ሕመም ኖሮባችሁ ፖታሺየም ቀንሱ የተባላችሁ ካላችሁ መጀመሪያ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

የዱር እንጉዳይ ለቅሞ መብላትን በተመለከተ፣ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ከሌለ እባካችሁ ይቅርባችሁ። አማኒታ ፋሎይዲስ የሚባለው ገዳይ ዝርያ ሲያዩት ለምግብ የሚሆን ይመስላል። መርዙ በእሳት አይጠፋም። ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከተበላ 6 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያ ሕመሙ ጋብ ብሎ ሰውየው የዳነ መስሎት ሲረጋጋ፣ ጉበቱ ውስጥ ውስጡን እየተጎዳ ይቆያል።

ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ የደረቀ ሺታኬ እሞክራለሁ። የተዘፈዘፈበትን ውሃ ለሾርባ ልጠቀምበት አስቤያለሁ። የሞከራችሁት ካላችሁ፣ ለስንት ሰዓት ነው የምትዘፈዝፉት?