ሜዳው ሳይጠረግ

ትናንት ማታ ከአዲስ አበባ ተመለስን። 275 ኪሎ ሜትር ሙሉ ሚጣ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ዝዋይ ላይ መኪናው ሲቆም ፓፓያ ልግዛልሽ ብላት ራሷን ወዘወዘች፣ በቃ። እኔም ዝም አልኩ። ልጅ ተሸንፎ ሲመለስ ብዙ የሚያወራ አሰልጣኝ አልወድም፣ ራሴ አንዳንዴ እንደዛ እንደሆንኩ ባውቅም።

ሚጣ ትክክለኛ ስሟ አይደለም። ስትመጣ ከሁሉም ትንሿ ስለነበረች ወጣላት፣ ይኸው 12 ዓመት ሞልቷት ቁመቷ ትከሻዬ ጋ ሲደርስም አልለቀቃትም። አራት ዓመት እዚሁ ሐዋሳ፣ አፈር ሜዳ ላይ ነው ቴኒስ የተማረችው። ሲሚንቶ ላይ ስትወዳደር የቅዳሜው የመጀመሪያዋ ነበር። 6 ለ 2፣ 6 ለ 1።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ውጤቱ አይደለም። ሁለተኛው ሴት ላይ (የጨዋታው ዙር ማለት ነው፣ ለዚህ ቃል እስካሁን የማያስቅ አማርኛ አላገኘንም) ተጋጣሚዋ ኳሷን ወደ ግራ ጥግ ሰደደቻት። ሚጣ ሮጠች። ከዚያ እዚህ ሁልጊዜ እንደምታደርገው የመጨረሻዎቹን ሁለት እርምጃዎች ትታ፣ እግሯን ዘርግታ ልትንሸራተት ስትል ሲሚንቶው ያዛት። ጫማዋ ቆመ፣ ሰውነቷ ቀጠለ። በእጇ ነው የወደቀችው። ቁርጭምጭሚቷም ዞር ብሎ ነበር፣ ደግነቱ አላበጠም። እኔ የማልረሳው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ስትነሳ እኔንም አባቷንም አላየችም። ወደ ኋላዋ ዞራ መሬቱን አየች። የተንሸራተተችበትን መስመር እየፈለገች ነበር። እዚህ ስትወድቅ መጀመሪያ የምታየው እሱን ነዋ። ሲሚንቶው ላይ ምንም የለም።

ጨዋታው እንዳለቀ አባቷ ጠጋ አለኝ። ባጃጅ ነጂ ነው፣ የሁለት ቀን ገቢውን ትቶ ነው አብሮን የሄደው። «እንዲያው ኮች፣ በክፉ እንዳታይብኝ፣ አፈር ላይ እያንከባለልን አጉል ልማድ አስያዝናት እንዴ?» አለኝ። በክፉ አላየሁበትም። መልስ ግን አልነበረኝም። «ኧረ የልምድ ነገር ነው» ብዬ አለፍኩት። ይሄን የምጽፈው ለእሱ ያልመለስኩትን ቢያንስ ለራሴ ልመልስ ብዬ ነው።

እኔ እዚሁ ሜዳ ላይ ኳስ አቀባይ ነበርኩ። ትልልቅ ሰዎች ከሥራ ሲወጡ መጥተው ይጫወታሉ፣ እኛ ኳስ እንለቅማለን፣ ሳንቲም ይወረውሩልናል። ሲሄዱ አባባ (ጥበቃው ያኔም እሱ ነበር) ሜዳውን ካልጠረጋችሁ ራኬት አትነኩም ይለናል። በዚህ በር ገብቶ አሰልጣኝ የሆነ እኔ ብቻ አይደለሁም። ስለዚህ አፈር ሜዳ ሲነካ ትንሽ ይከነክነኛል። ዳኛ ልሆን አልችልም፣ ዘመድ ነኝ።

ቴሌቪዥን ላይ የፈረንሳዩን ትልቅ ውድድር፣ የሮላንድ ጋሮስን ቀይ ሜዳ ሳይ ለብዙ ጊዜ እንደኛው አፈር ይመስለኝ ነበር። አፈር አይደለም። ተፈጭቶ የተነሰነሰ የሸክላ ጡብ ነው፣ እሱም ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፣ ከስሩ የተፈጨ ኖራ ድንጋይና ጠጠር አለ። የኛው በወንፊት ተነፍቶ የተደለደለ ቀይ አፈር ነው። መስመሩ ኖራ። ዳምጠው ብለን የምንጠራው ደግሞ ሲሚንቶ ሞልተንበት በገመድ የምንጎትተው አሮጌ በርሜል ነው።

ሥራቸው ግን ተመሳሳይ ነው። ኳሱ ሲያርፍ ልሉ ቅንጣት ይይዘዋል። ወደ ፊት የሚሄድበት ፍጥነት ይቀንስና ወደ ላይ ይነጥራል። የዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ሜዳዎችን በፍጥነታቸው ከ1 እስከ 5 ሲከፍል አብዛኛውን የሸክላ ሜዳ 1 ላይ ነው የሚያስቀምጠው፣ ዘገምተኞቹ ጋ። ለልጅ ይሄ ማለት ኳሱ ጋ ለመድረስ፣ ደርሶም ለማሰብ ትንሽ ትርፍ ጊዜ ማለት ነው። ለአጥቂ ደግሞ ችግር ነው። ሲሚንቶ ላይ አንዴ አጥብቀህ ከመታህ ነጥቡ ሊያልቅልህ ይችላል። አፈር ላይ ያ ጥሩ የመታኸው ኳስ ተመልሶ ይመጣል። ደግመህ ትመታለህ፣ ደግሞ ይመጣል። 14 ትልልቅ ዋንጫ የሰበሰበው ፒት ሳምፕራስ እንኳን ሮላንድ ጋሮስ ላይ ለፍጻሜ ደርሶ አያውቅም።

ሚጣ 8 ዓመቷ እያለ ይሄ ያስለቅሳት ነበር። «ኮች፣ ገብቶ ነበር እኮ!» ትለኛለች። ገብቶ ነበር፣ ግን አላለቀም። 10 ዓመቷ ላይ ለውጥ አየሁ። ኳሷን ከፍ አድርጋ፣ አዙራ ወደ ተጋጣሚዋ ባክሃንድ (በእጅ ጀርባ ወደሚመታበት ጎን) ትልካለች፣ እንደገና እዚያው፣ እንደገና እዚያው፣ ያቺኛዋ ወደ ኋላ እየሸሸች አጥሩ ጋ ልትለጠፍ ስትል ሚጣ አጭሯን ኳስ ከመረቡ ጀርባ ጠብ ታደርጋታለች። ይሄን ያስተማርኳት እኔ ይመስለኝ ነበር። ግማሹ የሜዳው ነው።

መንሸራተቱም እንደዚያው። አንድ ቀን ቁጭ አድርጌ አላስተማርኳትም። በአፈር ላይ የሚንሸራተተው ከመምታትህ በፊት ነው፣ እየተንሸራተትክ ትመታለህ፣ ስትቆም ኳሱ ሄዷል። መትተህ ከጨረስክ በኋላ ከተንሸራተትክ ዘግይተሃል ማለት ነው። ሩጫው ቀስ ብሎ ስለሚሞት ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ላይ የሚያርፈው ጫና ይቀላል። ገና አጥንቱ እያደገ ላለ ልጅ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

የምልክቱን ነገር ደግሞ እወደዋለሁ። ኳስ አፈር ላይ እንቁላል የምታክል ጠባሳ ትታ ነው የምታልፈው። ውስጥ ነው ውጭ ነው ብለው ልጆቹ ሲጯጯሁ «ና አሳየኝ» ብቻ ነው የምለው። ሁለቱም ይንበረከካሉ። አንዱ አፍሮ ይነሳል። ከ2025 ጀምሮ የወንዶቹ ኤቲፒ ውድድሮች ሸክላ ላይም መስመሩን በማሽን መፍረድ ጀምረዋል፣ ሮላንድ ጋሮስ ግን በዚያ ዓመትም የመስመር ዳኞቹን አልለቀቀም። ደስ ብሎኛል፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ስፔናዊውን ተጫዋች ናዳልን ልጆቹ ሁሉ ያውቁታል። ሮላንድ ጋሮስን 14 ጊዜ በልቷል፣ እዚያ 112 ጨዋታ አሸንፎ 4 ብቻ ነው የተሸነፈው። እኔ የማወራላቸው ግን ስለ አጎቱ ስለ ቶኒ ነው። ያሰለጠነው እሱ ነው። ሆን ብሎ ባረጀ ኳስና በጎረበጠ ሜዳ ያለማምደው ነበር፣ ሜዳም ያስጠርገው ነበር። እኛ ሆን ማለት አያስፈልገንም። ያረጀ ኳስና የጎረበጠ ሜዳ እንደሆነ ሞልቶናል።

ለአባቷ ልመልስለት የምችለው ቀላል መልስ አለ። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ናት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ትበልጣለች። አየር ሲሳሳ ኳስ ይፈጥናል። ፌዴሬሽኑ ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚጫወቱ ሌላ ዓይነት ኳስ ያዘጋጀውም ለዚሁ ነው። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ኳስ ማን ያያል! ከውጭ የመጣ ሰው በሻንጣ የያዘልንን ፀጉሩ እስኪረግፍ እንጫወትበታለን። እዚህ አየሩ ያፈጠነውን አፈሩ ያዘገየዋል። አዲስ አበባ ላይ ግን አየሩም ሲሚንቶውም ተባብረው ዘመቱባት። ይሄን ብነግረው ያምነኝ ነበር። ውሸትም አይደለም። ግን ጉዳዩ እሱ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ከልምምድ በኋላ፣ ሜዳውን የምንጠርግበትን ጆንያ ከመጎተታችን በፊት፣ ሜዳው ላይ ሁሉም ነገር ተጽፎ ይገኛል። ሰርቭ (ነጥቡን የሚያስጀምረውን ኳስ) የሚመታው ልጅ የእግሩን ጫፍ እየጎተተ የቆፈረው ጉድጓድ። ዘግይቶ የተንሸራተተው ረጅም ጭረት። አንዳንዴ ውሃ ስናጠጣ ከዓሣ ገበያው በኩል የሚመጣ አባ ኮዳ እንደ ሽማግሌ እጁን ወደ ኋላ ያጣመረ መስሎ ይገባና ሦስት ጣቱን በመሀል ሜዳ አትሞ ይወጣል። የሚጣን በኩል ሳስታውሰው ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ነው። ከቤዝላይኑ (ከሜዳው የኋላ መስመር) ሁለት ሜትር ወደ ኋላ፣ ከቀኝ ጥግ እስከ ግራ ጥግ፣ እንደ ፍየል መንገድ የተረገጠ። ከመስመሩ ወደ ውስጥ የአባ ኮዳው እግር ካልሆነ የሰው እግር የለም።

ወደ ኋላ ሂጂ ያልኳት እኔ ነኝ። 9 ዓመቷ ነበር፣ ኳሱ ነጥሮ ከራሷ በላይ ያልፍ ነበር። ያለው ምርጫ ሁለት ነው፣ ወይ ወደ ኋላ ሸሽተህ ሲወርድ ትመታለህ፣ ወይ ወደ ፊት ገብተህ ገና ሲነሳ ትቀድመዋለህ። ሁለተኛው ከባድ ነው፣ ብዙ ኳስ ያስበላል። የመጀመሪያው ቶሎ ያሸንፋል። እሷም አሸነፈች፣ የሐዋሳን ልጆች በሙሉ፣ ወንዶቹንም ጨምሮ። እኔም ደስ አለኝና ተውኩት። ሦስት ዓመት! ሰርቯንም እንዲሁ፣ አፈሩ ደካማ ሰርቭን ይሸፍናል፣ ማንም አይቀጣህም። የቅዳሜዋ ልጅ ግን ቀጣቻት። ኳሱ ዝቅ ብሎ እየፈጠነ ሲመጣ ሚጣ ሁለት ሜትር ኋላ ቆማ ሜዳው ሁለት እጥፍ ሰፋባት። ያ ሁሉ የፍየል መንገድ በየማታው ዓይኔ ስር ነበር። እያየሁ ጠረግኩት።

ዛሬ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። ከሐይቁ በኩል ገና ቅዝቃዜ አለ። የልብስ ማስጫ ገመድ አምጥቼ ከቤዝላይኑ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ወጠርኩት። ሚጣ መጣች፣ ገመዱን አየች፣ እኔን አየች።

«ከዚህ ወደ ኋላ የለም» አልኳት።

«ራሴን ይመታኛል እኮ፣ ኮች።»

«ቅደሚው።»

ከመጀመሪያዎቹ አሥር ኳሶች ሰባቱ መረብ ላይ ወይ አጥሩ ላይ ናቸው። አንዷን አፍንጫዋ ጋ አገኘቻት። ራኬቷን ልትወረውር ነበር፣ አባባ ከወዲያ ሲያያት ተወችው። አባቷ ባጃጁን አጥር ጥግ አቁሞ ያያል። ሄጄ ነገርኩት። «ሜዳው አይደለም፣ እኔ ነኝ» አልኩት። ቱኒዚያዊቷ ኦንስ ጃበር በ2011 ሮላንድ ጋሮስ ላይ የታዳጊ ሴቶችን ዋንጫ እንደወሰደች፣ ኋላ በ2022 እና በ2023 ሣር ላይ፣ ዊምብልደን ለፍጻሜ እንደደረሰች፣ ናዳልም ከ22ቱ ትልልቅ ዋንጫ 8ቱን ያገኘው ከሸክላ ውጭ እንደሆነ ሁሉ ዘርዝሬ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ።

«እና አሁን?» አለ።

«አሁን ገመድ ወጥረናል። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ሲሚንቶ ፈልገን እንሄዳለን፣ የቅርጫት ኳስ ሜዳም ቢሆን።»

«እሱን እኔ አደርሳችኋለሁ» ብሎ ባጃጁን አስነሳ።

ስንጨርስ ሚጣ ጆንያውን አነሳች። ከዚያ ቆመች። «ኮች፣ ና እይ።» ከቤዝላይኑ ወደ ውስጥ፣ ስንዝር ያህል፣ አንድ የግራ እግር። ፊት ለፊቷ ስንዝር የማይሞላ ጭረት አለ፣ ገብታ፣ ትንሽ ተንሸራታ፣ ፎርሃንድ መታለች። የትኛዋ ኳስ እንደነበረች ሁለታችንም አላስታወስንም።

«ይቺን አልጠርጋትም» አለችና ጆንያውን ዙሪያዋን ዞራ ጎትታ ትምህርት ቤት ሄደች። አባባ ግን ጎማውን ይዞ መጣ፣ የ2 ሰዓቶቹ ልጆች ከመድረሳቸው በፊት ማጠጣት አለበት፣ ከዳር ጀምሮ እያጠጣ ስንዝሯ ጋ ሲደርስ ምን እንደሆነች አላየም፣ አለፈባት።