መጀመሪያ የኋላ እግሯን እዩ

የምሠራው ሰሜን ጀርመን ውስጥ አንድ የፈረስ ማሰልጠኛ ነው። ጋጥ አጸዳለሁ፣ ኮርቻ እጭናለሁ፣ የመጋለቢያውን አሸዋ እደለድላለሁ። ሜዳው 20 በ60 ሜትር ነው፤ የድሬሳዥ፣ ማለትም ፈረስን በሥርዓት የማስኬድ ስፖርት፣ ትልቁ ሜዳ ልኩ ይኸው ነው።

አንዲት ወጣት ደንበኛችን ዳማ ባዝራ አለቻት። ባዝራዋ አንገቷን ቀልሳ፣ ጀርባዋን ከፍ አድርጋ፣ ክብ ሆና እንድትሄድላት ትፈልጋለች። ስለዚህ ዛቡን ጭብጥ አድርጋ ወደ ራሷ ትስባለች። ባዝራዋም አገጯን ደረቷ ላይ ለጥፋ ትሄዳለች። ለፎቶ ያምራል። አሸዋ ደልዳይ ግን የሚያየው ሌላ ነው። በሶምሶማ ስትሄድ የኋላ ሰኮናዋ የፊተኛው ከረገጠበት አንድ ስንዝር ያህል ወደኋላ ይቀራል። ጫፉን እየጎተተች ያሰመረችውም መስመር አለ።

አሰልጣኟ በዕድሜ የገፉ ሴትዮ ናቸው። አንድ ቀን ጠሩኝና «እስቲ ይቺን ዳር ደልድላት» አሉኝ። ልጅቷን በሶምሶማ አሳለፏት፣ ከዚያ አወረዷትና ዱካውን አሳዩአት። መልስ አልነበራትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፈረስ ሞተሩ ከኋላ ነው። የኋላ እግሩ ከሆዱ ሥር ጠልቆ ሲረግጥ ጀርባው ይነሳል፣ አንገቱም በራሱ ጊዜ ይቀለሳል። ከፊት ሲጎትቱት ጀርባው ይደርቃል፣ የኋላ እግሩም መግቢያ ያጣል። በድሬሳዥ ደንብም ከሁሉ ከፍ ማለት ያለበት ማጅራቱ ነው፤ አፍንጫው ደግሞ ከግንባሩ ወደ መሬት ቀጥ ብሎ ከሚወርደው መስመር ትንሽ ወደፊት።

እኔ እንኳ እንጅባራ ያደግኩ ነኝ። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች ሜዳውን ሲያምሱት ስለ አፍንጫ ማን ያወራል? እዚያ ወሬው ሁሉ ስለ ሽምጥ ነው።

ሴትዮዋ ዛቡን አስረዘሟትና 20 ሜትር ክብ ላይ አስገቧት። ሶምሶማ፣ እርምጃ፣ እንደገና ሶምሶማ። መጀመሪያ ባዝራዋ አፍንጫዋን ሽቅብ አንስታ ሮጠች። ልጅቷ ደንግጣ ዛቡን ልትስብ ስትል «እጅሽን ተይው! እግርሽስ?» አሏት። ደግሞ ሩጫው ሲበዛ «መቸኮል ሌላ፣ ወደፊት መሄድ ሌላ» ብለው በመቀመጫዋ ረጋ እንድታደርጋት ነገሯት። የልጅቷ የውስጥ እግር፣ በክቡ መሃል በኩል ያለው፣ ይገፋል፤ የውጭ እጇ ይቀበላል። ይህ ተደጋገመ፣ አሰለቸም።

ኋላ ላይ ባዝራዋ በአፍንጫዋ ፉርር አለች። ሰውነቷ ሲፈታ እንደዚያ ታደርጋለች። አንገቷን ወደፊትና ወደታች ዘርግታ ልጓሙን ራሷ ፈለገችው፤ ጀርባዋ ከኮርቻው ሥር ሲወዛወዝ ከዳር ሆኜ አየሁት። ዳሩን እንደገና ደልድዬ አሳለፍናት። የኋላ ሰኮናዋ የፊተኛው ዱካ ውስጥ ገባ።

ይሄ በቀኝ በኩል ስትዞር ነው። በግራ ገና ናት፤ ትከሻዋን ወደ ውጭ ትጥላለች። አሁን ሥራው እሱን ማቃናት ላይ ነው፤ ልጅቷም ከመውጣቷ በፊት ዳሩን መደልደሌን ትጠይቀኛለች።