ትኬቱ ስንት ነበር?

ጅማ፣ አጂፕ አካባቢ አንድ የቡና መጋዘን ውስጥ ስሠራ ነው። አይሱዙው ወደ ኋላ እየገባ ነበር። ረዳቱ ከኋላ ቆሞ «ና፣ ና፣ ና» ይላል። «በቃ!» ያለው ግን የግቢው በር ከተገነጠለ በኋላ ነው። ሰው አልተጎዳም። 3 ኬሻ ቡና አስፋልቱ ላይ ተዘረገፈ። ወዲያው ሰው ከበበን።

ለኢንሹራንስ የሚላከውን ሪፖርት በእንግሊዝኛ የምጽፈው እኔ ነኝ። ዘበኛችንን በምስክርነት መዘገብኩና «12 ስፔክታተሮችም ነበሩ» ብዬ ጨመርኩ። ተመልካች አይደሉ እንዴ?

ኃላፊዬ ጠራኝ። ወረቀቱን በእስክሪብቶ መታ መታ እያደረገ፣

«ትኬቱ ስንት ነበር?» አለኝ።

«የምን ትኬት?»

«ስፔክታተር ካለ ግጥሚያ አለ ብዬ ነዋ። አባ ጅፋር ከማን ጋር ተጫወተ?»

የሒሳብ ክፍል ልጆች በሳቅ ፈነዱ። አፍሬ ወጣሁና «ኦዲየንስ» አደረግኩት። ባሰ! ቃሉ ዘሩ ላቲን ነው፣ ከመስማት የመጣ። አዳራሽ ቁጭ ብሎ መድረክ ለሚከታተል ሰው ነው የሚሆነው።

«ታዲያ አጨበጨቡ?» አለኝ።

ያዳነችኝ ገንዘብ ያዧ ናት። «ባይስታንደር በለውና ተገላገል» አለችኝ። ነገሩ ሲከሰት እዚያው የተገኘ፣ ግን የሌለበት ሰው ማለት ነው። ኦንሉከርም ያስኬድ ነበር፤ እሱ ግን የግድ ማየት አለበት። ባይስታንደር ፊቱን ቢያዞርም ያው ባይስታንደር ነው። በአማርኛ ሁሉንም «ተመልካች» ብለን እንገላገላለን።

በነገራችን ላይ፣ ይኸው ኃላፊዬ መጋዘኑ በር ላይ በእንግሊዝኛ «ኦዲየንስ መግባት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ አስለጥፏል። ነገሩን አላነሳሁበትም። ፎቶውን ግን አንስቻለሁ።

ሪፖርቱ አለቀ ስል ኢንሹራንሶቹ የምስክሩን ፊርማ ጠየቁ። ወደ ዘበኛችን ሄድኩ።

«ጋሼ፣ በሩ ሲገነጠል አይተዋል አይደል?»

«ማየቱንስ አይቻለሁ፣ ልጄ።»

«እንግዲያው እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡ። «አየሁ አልኩህ እንጂ ምስክር ነኝ አልኩህ?»

ተመልሼ ስማቸውን ሰረዝኩ። ባይስታንደሮቹን 13 አደረግኳቸው።