ውሃ የጠጣው ታንኳ

ባሕር ዳር፣ ፔዳ ግቢ አካባቢ፣ ጌም ቤት እሠራለሁ። አራት ዓመት ሆነኝ። አምስት ፕሌይስቴሽን፣ አምስት ቲቪ፣ በግድግዳው ዙሪያ አግዳሚ ወንበር። ሕጉ እንደ ሁሉም ቦታ ተሸናፊ ይከፍላል ነው።

ሥራዬ ሂሳብ መቀበልና ተራ ማስከበር ብቻ አይደለም። የሚገዛውን ጌም የምመርጠውም እኔ ነኝ። የቤቱ ባለቤት እትዬ ጆይስቲክ ነክተው አያውቁም። በእኔ ቃል ነው ብራቸውን የሚያወጡት። አዲስ ጌም ሲገባ ቤቱን ከዘጋን በኋላ ሁለት ሦስት ምሽት ቁጭ ብዬ እጫወተዋለሁ። ከዚያ አሪፍ የሆነውንና ያልሆነውን በወረቀት ጽፌ፣ ከ10 ነጥብ ሰጥቼ፣ በሩ አጠገብ እለጥፋለሁ። ልጆቹ ወረቀቱን ያነቡታል። ዝቅተኛ ነጥብ የሰጠሁትን ጌም ማንም አይጠይቅም። ከሌላ ሰፈር ድረስ መጥተው «ይሄንን እንዴት አየኸው?» የሚሉኝ አሉ። ይህን የሥራዬን ክፍል ከሁሉም በላይ እወደዋለሁ።

ባለፈው ክረምት እትዬ ትልቅ ቲቪ ገዙ። 55 ኢንች ነው። መሀል ግድግዳው ላይ ሰቀልነው፤ ቤቱ ሌላ ቤት መሰለ። በዚያው ሳምንት ቴከን 7 ገባ፣ ሁለት ሲዲ። አዲሱን ጌም በአዲሱ ቲቪ ልየው ብዬ እዚያው ላይ ጀመርኩ።

ቴከንን ለማያውቅ ሰው፦ ሁለት ሰው ፊት ለፊት የሚፋለምበት ጌም ነው። ጆይስቲኩ ላይ ያሉት አራቱ ቁልፎች አራቱ እጅና እግር ናቸው። አንዱ ግራ እጅ፣ አንዱ ቀኝ እጅ፣ አንዱ ግራ እግር፣ አንዱ ቀኝ እግር። እንዲህ ስለሆነ ጆይስቲክ ይዞ የማያውቅ ልጅ እንኳ በአምስት ደቂቃ ውስጥ መማታት ይችላል። በደንብ ለመጫወት ግን ዓመታት ይፈጃል። የትኛው ምት ፈጣን ነው? የትኛው ከተመከተ በኋላ ባለቤቱን ለአደጋ ያጋልጣል? ይሄ ሁሉ በእጅ የሚለመድ ነው።

ሦስት ምሽት ተጫወትኩት። ምስሉ ልብ ይሰርቃል። እጄን ግን አልተመቸውም። ለመመከት ስጫን ምቱ ቀድሞ ይደርስብኛል። ክፍት ቦታ አግኝቼ ስሰነዝር ክፍቱ ተዘግቶ ይቆየኛል። በሦስተኛው ምሽት ተናደድኩና ወረቀቱን ጻፍኩ። «ሲያዩት ያምራል። እጅ አይታዘዝም። ብር የሚወጣበት ጌም አይደለም። 4 ከ10።»

እትዬ ጠዋት አነበቡት። «አንተ ካልክ፣ የምታውቀው አንተ ነህ ልጄ» አሉኝ። ከሁለቱ ሲዲ አንዱን ፖሊ አካባቢ ላለ ጌም ቤት ሰጥተው በምትኩ አንድ አሮጌ የኳስ ጌም ተቀበሉ። ሁለተኛው መሳቢያ ውስጥ ገባ።

አሁን ወደ ልጁ ልምጣ።

ዕድሜው 14 ነው። አባቱ ጣና ላይ ዓሣ ያጠምዳል። ከትምህርት ቤት ሲወጣ ይመጣና 2 ቁጥር ላይ ይቀመጣል። 2 ቁጥር ከሁሉም ትንሿና አሮጌዋ ቲቪ ናት። ትልቁ ቲቪ ከተሰቀለ በሁለተኛው ቀን እሱም እንደ ሰው ሁሉ እዚያ ላይ ኳስ ተጫወተ። ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፎ ከፈለ። ከዚያ ወደ እኔ መጣ።

«ጋሼ፣ ይሄ ቲቪ ውሃ እንደጠጣ ታንኳ ነው።»

«ምን ማለት ነው?»

«ስትቀዝፈው ቆይቶ ነው የሚዞርልህ።»

የጣና ዳር ሰው ላልሆነ አንባቢ ላስረዳ። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገል ደረቅ ሲሆን ቀላል ነው። ውሃ ላይ ሲውል ሲያድር ግን ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል። ለዚህ ነው ዓሣ አጥማጆች ከውሃ ሲመለሱ ታንኳቸውን አውጥተው ፀሐይ ላይ የሚያቆሙት። ውሃ የጠጣውን ታንኳ መቅዘፊያ ስታሳርፍበት እሺ የሚልህ ዘግይቶ ነው። ልጁ የነገረኝ ይህንን ነበር። ከዚህ የተሻለ አገላለጽ እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

እኔ ግን «ስትሸነፍ ቲቪ አታማር» አልኩትና ወደ ሂሳቤ ዞርኩ። ይህ ከሆነ ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው ራሴ በዚያው ቲቪ ፊት ቁጭ ብዬ «እጅ አይታዘዝም» ብዬ የጻፍኩት። ሁለታችንም ያየነው አንድ ነገር ነው። እሱ ጥፋቱን ቲቪው ላይ አገኘው፤ እኔ ጌሙ ላይ ለጠፍኩት።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ቅዳሜ ትልቁ ቲቪ በኳስ ተይዞ፣ ልጁ 2 ቁጥር ላይ ሆኖ ጠራኝ። «ጋሼ፣ ያንን 4 የሰጠኸውን ጌም እዚህ ክተትልኝ።» አይጠቅምህም አልኩት። «ይሁን፣ እኔ እከፍላለሁ» አለ። ሲዲውን ከመሳቢያ አውጥቼ ከተትኩለት።

ሁለት ዙር እስኪጫወት ቆሜ አየሁት። ከዚያ ሁለተኛውን ጆይስቲክ ያዝኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሌላ ጌም መሰለኝ። ስጫን ይመክታል፤ ስሰነዝር ያርፋል። በልጁ ስሸነፍ ለምን እንደተሸነፍኩ አውቃለሁ፤ በሚቀጥለው ዙር አስተካክለዋለሁ። ልጁ ዞር ብሎ አየኝ። ምንም አላለም። እኔም የምለው ጠፋኝ።

ማታ ቤቱን ዘግቼ በስልኬ መለካት ጀመርኩ። ስልኬ በዝግታ ለሚታይ ቪዲዮ በሴኮንድ 240 ምስል ይቀርጻል። አውራ ጣቴንና ቲቪውን አንድ ላይ እየቀረጽኩ አንድ ቁልፍ ተጫንኩ። ከዚያ ጣቴ ቁልፉን ከነካበት ተዋጊው እስከሚንቀሳቀስበት ያለውን ምስል አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ደጋግሜ ቆጠርኩ። ትልቁ ቲቪ ከትንሿ በ24 ምስል ይዘገያል። 24 ለ240 ሲካፈል ከሴኮንድ አንድ አሥረኛ ነው።

አንድ አሥረኛ ሴኮንድ ምን አላት ይባል ይሆናል። ቴከን በሴኮንድ 60 ፍሬም፣ ማለትም 60 ምስል፣ ነው የሚሄደው። ፈጣኑ የእጅ ምት ተጭነኸው እስኪያርፍ 10 ፍሬም ይፈጃል። አንድ አሥረኛ ሴኮንድ ማለት 6 ፍሬም ነው። ምቱ መምጣት ሲጀምር እኔ የማየው ከ6 ፍሬም በኋላ ነው ማለት ነው። ከ10ሩ ስድስቱን ቲቪው በልቶታል። በቀሩት አራት ማን ይመክታል?

የመዘግየቱ ምክንያት ቀላል ነው። አዳዲስ ቲቪዎች የሚመጣላቸውን ምስል እንዳለ አያሳዩም። ያጠራሉ፣ ያደምቃሉ፣ እንቅስቃሴው ለስላሳ እንዲመስል በሁለት ምስል መካከል ራሳቸው የሠሩትን ሌላ ምስል ይጨምራሉ። ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። ፊልም ለሚያይ ሰው ችግር የለውም፤ እጁ ላይ ጆይስቲክ የለማ። ለጌም ግን መርዝ ነው። ለዚህ ብለው ሠሪዎቹ ማስተካከያው ውስጥ ጌም ሞድ የሚባል ነገር አስገብተዋል። እሱ ሲበራ ቲቪው ማሳመሩን ትቶ ምስሉን ቶሎ ያቀብላል። የኛው ቲቪ ላይ ጌም ሞዱ ሲመጣ ጀምሮ ጠፍቶ ነበር። ሳበራው ያ የ24 ምስል ልዩነት ወደ ሁለት ሦስት ወረደ።

አንድ ጥያቄ ያን ሌሊት ሲያብሰለስለኝ አደረ። ሁለቱ ተጫዋቾች የሚያዩት አንድ ቲቪ ነው፤ መዘግየቱም እኩል ነው። ታዲያ ልጁ ለምን ብቻውን ተጎዳ? በኋላ ገባኝ። ተቃራኒው ምን እንደሚያደርግ ቀድሞ እየገመተ የሚጫወት ሰው ብዙም አይጎዳም። አይቶ የሚመልስ ሰው ግን እጁን ታስሮ ነው የሚጫወተው። ልጁ ዓይኑ ፈጣን ነው፤ አይቶ ነው የሚመልሰው። ቲቪው የወሰደበት ዋና ችሎታውን ነው። ለዚያ ደግሞ ሦስት ጊዜ አስከፈልኩት።

በነጋታው ፖሊ አካባቢ ወዳለው ጌም ቤት ሄድኩ። እኛ የሰጠነውን ሲዲ ስምንት ልጆች ተሰልፈው እየጠበቁት ነበር።

ለእትዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ወረቀቱን ከግድግዳው ነቅለው አንድ ጊዜ አነበቡትና ጠየቁኝ። «በየትኛው ቲቪ እንደተጫወትክ ለምን አልጻፍክም? ሐኪም እንኳ መድኃኒት ሲሰጥ ከምግብ በፊት ነው በኋላ ብሎ ይጽፋል።»

እንዲህ ያለ ስህተት የእኔ ብቻ አይደለም። በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2020 ሳይበርፐንክ 2077 የሚባል ጌም ሲወጣ፣ ከመውጣቱ በፊት ለገምጋሚዎች የተሰጠው የኮምፒውተሩ ቅጂ ብቻ ነበር። በጠንካራ ኮምፒውተር ተጫውተው ከፍተኛ ነጥብ ሰጡት። በፕሌይስቴሽን 4 የገዛው ሰው ያገኘው ግን ስታክ የሚያደርግ፣ በየመሀሉ የሚዘጋ ጌም ነበር። የፕሌይስቴሽን ሠሪው ሶኒ በሳምንት ገደማ ውስጥ ከመደብሩ አወጣው፤ የተመለሰው ከስድስት ወር በኋላ ነው። ነጥቡን አይቶ ብሩን ያወጣ ሰው ነጥቡ የእሱን ማሽን እንደማይመለከት አላወቀም ነበር።

ነጥብ ደግሞ የሰው እንጀራ ይነካል። ፎልአውት ኒው ቬጋስ የሚባል ጌም በፈረንጆቹ 2010 ሲወጣ፣ ሠሪዎቹ ሜታክሪቲክ ላይ 85 ካገኙ ተጨማሪ ክፍያ ነበራቸው። ሜታክሪቲክ የብዙ ገምጋሚዎችን ነጥብ ሰብስቦ አማካይ የሚያወጣ ድረ ገጽ ነው። ያገኙት 84 ነው። ክፍያው ቀረ። ይህንን ሳስብ በንዴት የጻፍኳት 4 ትከብደኛለች። ቴከንን የሠሩት ሰዎች የእኔን ወረቀት አያዩም። የፖሊው ሰልፍ ግን ከእትዬ ኪስ የወጣ ነው።

ልጁን ሰው ባለበት ይቅርታ ጠየቅኩት። የሦስቱን ጨዋታ ብር መለስኩለት። ብሩን ተቀብሎ «አባዬም እንደዚህ ነው፤ ታንኳው ሲከብድ መጀመሪያ የሚቆጣው እኔን ነው» አለኝ።

አሁን ስገመግም የምጀምረው ከምስሉ አይደለም። ልጅ ሆኜ ብሪክ ጌም ነበረኝ። ግራጫ ካሬዎች ብቻ ናቸው፤ ቀለም እንኳ የለውም። ግን ባትሪው እስኪያልቅ ከእጄ አይወርድም ነበር። መነሻው ቴትሪስ ነው፤ አሌክሴይ ፓጂትኖቭ የሚባል ሰው ሞስኮ ውስጥ በፈረንጆቹ 1984 የሠራው። ካሬዎቹን ስታዞር ወዲያው ይዞራሉ። ስትሸነፍ የትኛውን የት ማስቀመጥ እንደነበረብህ ታውቃለህ። ገበጣም እንዲሁ ነው። አያቴ አሸንፋኝ ስትነሳ፣ ከየትኛው ጉድጓድ መጀመር እንደነበረብኝ ጠጠሮቹ ራሳቸው ይነግሩኝ ነበር። ተሸናፊ በሚከፍልበት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለምን እንደተሸነፈ የገባው ልጅ ከፍሎ ተራ ይይዛል። ያልገባው ይጣላል።

ብቻዬን ነጥብ መስጠትም አቆምኩ። የጃፓኑ ፋሚትሱ መጽሔት አንድን ጌም ለአራት ሰው ይሰጣል፤ እያንዳንዱ ከ10 ይሰጥና ድምሩ ከ40 ይሆናል። እኛም አራት ሆንን። እኔ፣ ልጁ፣ አንድ የፔዳ ተማሪና እትዬ። እትዬ አይጫወቱም፤ ተራ የሚጠብቁትን ልጆች ነው የሚያዩት። ጌም ቤት ውስጥ አንድ ሰው ሲጫወት አምስት ሰው ያያል። የሚያዩት ከተሰላቹ ወጥተው ይሄዳሉ። ይህንን በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ ወረቀቴ ላይ ጽፌው አላውቅም ነበር።

ቴከን 7ን እንደገና ገመገምነው። ልጁ 9፣ ተማሪው 8፣ እኔ 8፣ እትዬ 7። ድምሩ 32 ከ40። ከሥሩ «በ2 ቁጥርና በትልቁ ቲቪ፣ ጌም ሞድ በርቶ፣ አራት ምሽት» ብለን ጻፍን። እትዬ ሁለተኛ ሲዲ ገዙ፤ ከመጀመሪያው በውድ ዋጋ።

ትናንት ማታ መብራት ሄዶ መጣ። ያ ትልቁ ቲቪ መብራት ሲቋረጥበት ጌም ሞዱን ያጠፋል። እኔ ሂሳብ እየተቀበልኩ ነበር፤ አላየሁትም። ልጁ ጆይስቲኩን አንስቶ ሁለት ጊዜ ብቻ ቁልፍ ነካ።

«ጋሼ፣ ታንኳው ውሃ ጠጥቷል» አለ።

ሂሳቡን አቁሜ ሪሞቱን ይዤለት ሄድኩ።