አብሮ የሚሄድ ሰው

ዛሬ የልጄ ክፍል ተማሪዎች ደብረ ሊባኖስ ሲሄዱ አብሬያቸው ሄጄ ነበር። ከአዲስ አበባ በጎጃም መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ጭፈራ ብቻ ነው። ገዳሙን ሲሳለሙም ጨዋ ናቸው። ጭንቁ የሚጀምረው ፖርቱጋል ድልድይ ጋ ነው። በድልድዩ ሥር የሚያልፈው ወንዝ ትንሽ ሄዶ ገደል ይገባል። ሁሉም ፎቶ የሚፈልገው ደግሞ እዚያው አፋፉ ላይ ነው!

አንዱ ልጅ ጀርባውን ለገደሉ ሰጥቶ፣ ስልኩን ከፍ አድርጎ ወደ ኋላ ይራመዳል። ልቤ ቀጥ አለ። መምህራቸው ግን አልጮኸም። ቀስ ብሎ ተጠጋና "ና፣ እኔ ላንሳህ" አለው። ልጁ እየሳቀ መጣ። እግዜር ይስጠው፣ ቢጮህበት ኖሮ ደንግጦ ምን እንደሚሆን አላውቅም።

ለአንድ ሙሉ አውቶቡስ ሁለት መምህር ብቻ መመደብ ግን ግፍ ነው። አንዷ መኪና ያዞራትን ልጅ ይዛ ቀረች። ብቻውን የቀረው ጭላዳ የሚያባርሩትን ይከልክል ወይስ ገደል ዳር ያሉትን ይጠብቅ?

ወላጆች፣ የፈቃድ ወረቀት ስትፈርሙ "ስንት አዋቂ አብሮ ይሄዳል?" ብላችሁ ጠይቁ። በሚቀጥለው ጉዞ አብራችሁኝ መሄድ የምትችሉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ለትምህርት ቤቱ አንድ ላይ እንነግራለን።