ከኩርኒክ እስከ ዛኮፓኔ፤ ባልትና ያስተማረችውን እመቤት ፍለጋ

ኩርኒክ የሄድኩት ለአበባ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ያድቪጋ ዛሞይስካ የሚባል ስም ሰምቼ አላውቅም። በርሊን አብሮኝ የሚሠራ ፖላንዳዊ «ሚያዝያ መጨረሻ ላይ የኩርኒክን ማግኖሊያ ሳታይ ፖላንድን አየሁ እንዳትል» እያለ ሲነዘንዘኝ ከረመና፣ አንድ ቅዳሜ በጠዋት ተነስቼ ባቡር ተሳፈርኩ። የፖላንዷ ከተማ ፖዝናን ለመድረስ 3 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከዚያ ወዲያ ኩርኒክ ቅርብ ናት፣ 20 ምናምን ኪሎ ሜትር። እኔ ግን አውቶቡስ ተሳስቼ ሌላ ሰፈር ወረድኩና ግማሽ ቀኔን በላሁት።

የኩርኒክ ቤተ መንግሥት ዙሪያውን በውሃ ተከቧል። ስትገባ ጫማህ ላይ የሚጠለቅ ትልልቅ የጨርቅ ጫማ ይሰጥሃል፣ የእንጨቱ ወለል እንዳይፋቅ። ስለዚህ ሁሉም ሰው፣ ሽማግሌው ሳይቀር፣ እየተንሸራተተ ነው የሚሄደው። አንዱ አዳራሽ በስፔኑ የሙስሊም ነገሥታት ቤተ መንግሥት፣ በአልሃምብራ፣ አምሳል የተሠራ ነው፤ ፖላንድ ውስጥ ያለህ አይመስልህም። ሕዝቡ ግን የሚጋፋው «ነጯ እመቤት» የሚሏት የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሴት ሥዕል ፊት ነው። ሌሊት ከሥዕሉ ወርዳ ትዞራለች ይባላል። እኔም ፎቶ አነሳሁ፣ ምን ላድርግ።

ያድቪጋን ያገኘኋት ከዚያ ግርግር ፈንጠር ብሎ ነው። የአንዲት አሮጊት ፎቶ። አስጎብኚዋ በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፈቻት፦ «ባለ ርስቷ እመቤት፣ የሴቶች የቤት ሥራ ትምህርት ቤት የከፈተች»። የቤት ሥራ? እኛ ባልትና የምንለው መሆኑ ነው። የዚህ ሁሉ ግንብና ቤተ መጻሕፍት ባለቤቶች ልጅ ባልትና አስተማረች? ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ስለ እሷ ሳነብ አመሸሁ።

የተወለደችው በ1831 ዋርሶ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ፖላንድ ያኔ ካርታ ላይ የለችም። ሩሲያ፣ ፕሩሺያ (ያኔ ከጀርመን መንግሥታት አንዷ) እና ኦስትሪያ ከ1772 እስከ 1795 በሦስት ዙር ተቀራምተዋታል። አባቷ ቲቱስ ጃዊኝስኪ በሩሲያ ላይ ከተነሱት አማፂዎች ጋር ስለተሰለፈ ፕሩሺያ ርስቱን ወረሰችበትና ከስንት ክርክር በኋላ አስመለሰ። ወንድሟ ያን በ1863 ደገመው፤ በሌለበት ሞት ተፈረደበት። እሷ ደግሞ በ1852 ስደተኛውን ጄኔራል ቭዋዲስዋፍ ዛሞይስኪን አገባች። ጄኔራሉ የእናቷ ወንድም ነው። አዎ፣ አጎቷ! በ28 ዓመት ይበልጣታል። ሰባት ቤት ቆጥሮ ለሚጋባ ሰው ይሄ ቶሎ የሚዋጥ አይደለም፣ እኔም ሁለቴ ነው ያነበብኩት። ቱርክ ከሩሲያ ጋር በተዋጋችበት በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ እሱ ቱርክ ውስጥ የፖላንድ ጦር ሲያደራጅ እሷም ኢስታንቡል ድረስ ተከትላው ሄደች። በ1868 ባሏ ፓሪስ ላይ ሞተ።

እንግዲህ ሰይፉ ተሞክሯል። አባት፣ ወንድም፣ ባል፣ ሁሉም ሞክረውታል። አገሪቱ ግን የለችም። ወንድሟ ያለ ልጅ ሲሞት ኩርኒክ ለልጇ ለቭዋዲስዋፍ (ስሙ ከአባቱ ጋር አንድ ነው) ደረሰውና በ1882፣ በ51 ዓመቷ፣ እዚያ ትምህርት ቤቱን ከፈተች። የባላባት ልጅም የገበሬ ልጅም ይማሩበታል። ዳቦ መጋገር፣ ልብስ ማጠብ፣ መስፋት፣ ወለል መጥረግ። የእጅ ሥራ፣ የአእምሮ ሥራና የመንፈስ ሥራ አይነጣጠሉም ትል ነበር። ገረድ ካልጠራች ውሃ የማትቀዳ ወይዘሪት ለአገር ምን ትሆናለች ነው ነገሩ።

መጀመሪያ ላይ አልጣመኝም። ሴትን ወደ ማጀት መመለስ መሰለኝ። ግን ቦታውን አስቡት። ኩርኒክ ባለችበት በፕሩሺያ በኩል ቢሮው በጀርመንኛ፣ ትምህርቱ በጀርመንኛ። ከኩርኒክ ብዙም በማትርቀው ቭዜሽኛ በ1901 ልጆች የሃይማኖት ትምህርት በጀርመንኛ አንማርም ብለው ተገርፈዋል። በፖላንድኛ እንደልብ የሚኖርበት የቀረው ቤት ብቻ ነበር። ቤቱን የያዘች ደግሞ ቋንቋውን ያዘች። አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተስማማሁም፣ ግን ገባኝ።

ፕሩሺያኖቹም ገብቷቸው ይሁን አይሁን በ1885 እናትና ልጅን አባረሯቸው። ትምህርት ቤቱ ተንከራቶ ተንከራቶ በኦስትሪያ ይዞታ ሥር ታትራ ተራራ ግርጌ ደረሰ፣ ዛኮፓኔ አጠገብ ኩዥኒትሴ። ልጇ የዛኮፓኔን ርስት በ1889 በጨረታ ነው የገዛው፣ 460,002 ጊልደር (የያኔው የኦስትሪያ ገንዘብ) ከ3 ሳንቲም። ያቺ 3 ሳንቲም ናት ዛኮፓኔ ድረስ የወሰደችኝ።

በማግስቱ ፖዝናን ተመልሼ ባቡር ያዝኩ። ሩቅ ነው፣ አገሪቱን ከላይ እስከ ታች ማቋረጥ ማለት ነው። ኩዥኒትሴ ስደርስ ሰዉ ከ1936 ጀምሮ ወደ ካስፕሮቪ ተራራ ለሚወጣው የገመድ መኪና ተሰልፏል። ትምህርት ቤቱ እዚያው አካባቢ እስከ 1948 ቆይቶ ነበር። ከሰልፈኛው አንድ ሰው እንኳ ቀና ብሎ ቤቶቹን አላየም። ያድቪጋ ነፃ ፖላንድን አይታ በ1923 ኩርኒክ ውስጥ ሞተች፤ በዓመቱ ልጇም ተከተላት። ከመሞቱ በፊት ግን ግንቡን፣ ቤተ መጻሕፍቱንና የተራራ መሬቱን ጠቅልሎ ለሕዝብ አወረሰ።

ያደርኩበት ቤት ባለቤት አሮጊት ናቸው። በእኔ የተሰባበረ ጀርመንኛና በእሳቸው ከዚያ በባሰው ስናወራ፣ አያታቸው ኩዥኒትሴ መማራቸውን ነገሩኝ። ድንች እየላጡ ነበር። «ልላጥልዎት» ብዬ ቢላዋውን ተቀበልኳቸው። ሁለት እንደላጥኩ ልጣጩን አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዙት። ወፍራም ነው። ምንም አላሉም። ቢላዋውን መልሰው ወሰዱና ልጣጩን ራሱን እንደገና ላጡት።